የወይን ቅጠል ሲታመም፦ በአቡ ዳቢና በአል ዓይን ግቢዎች የቅጠል በሽታ መለያና ማከሚያ

በአቡ ዳቢና በአል ዓይን ግቢዎች በዳስ ላይ የሚያድግ የወይን ሐረግ ቅጠሉ ሲነጣ፣ ሲወይብ ወይም ጠርዙ ሲያርር መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው፦ ፈንገስ፣ ተባይ፣ ጨው ወይም የንጥረ ነገር እጥረት። ምልክቶቻቸው ከሩቅ ይመሳሰላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አይገናኝም። ጨው ያቃጠለውን ቅጠል የፈንገስ መድኃኒት አይመልሰውም። ቀይ ሸረሪት በወረረው ሐረግ ላይ ያልሆነ ፀረ ተባይ ሲረጭ ደግሞ ተባዩን የሚበሉት ነፍሳት ቀድመው ይሞቱና ወረራው ይብሳል። ስለዚህ ምርመራው ከርጭቱ ይቀድማል።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ወራት በአገሩ አቆጣጠር፣ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር፣ የተቀመጡ ናቸው። ከአንዳንዱ ስም ጋር የዐረብኛው መጠሪያ የተጨመረው የእርሻ መድኃኒት መደብር ውስጥ ስለሚያስፈልግ ነው።

ሁለት ከተሞች፣ ሁለት ዓይነት አየር

አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አቡ ዳቢና አል ዓይን በተለመደ ዓመት 100 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላቸውም። እሱም በአብዛኛው ከዲሴምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ይጥላል። በዚህ ምክንያት በዝናባማ አገር የወይን ጠላት የሆኑት ብዙዎቹ የፈንገስ በሽታዎች እዚህ ብርቅ ናቸው። ዝናብ የማይፈልገው አንዱ ፈንገስ ግን ይመቸዋል።

አቡ ዳቢ በባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። ሌሊት አየሩ በእርጥበት ይሞላል፣ ንጋት ላይ ቅጠል በጤዛ ይርሳል፣ በብርዱ ወራት ጭጋግ ይወርዳል። አል ዓይን ከባሕሩ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ገባ ያለች፣ አየሯ ደረቅ፣ አቧራዋ ብዙ፣ የበጋ ቀኗም ከአቡ ዳቢ የበለጠ የሚያቃጥል ነው። ስለዚህ በአቡ ዳቢ ነጭ ዱቄት የመሰለው ሻጋታ፣ በአል ዓይን ደግሞ ቀይ ሸረሪትና የጉድጓድ ውሃ ጨው ቀድመው ይጠረጠራሉ። በአል ዓይን ጥንታዊ የተምር ገነት ውስጥ ግን ፈለጅ በሚባለው የመስኖ ቦይ የሚጠጣና በተምር ጥላ ሥር ያለ ወይን እርጥበትና ጥላ ስለሚያገኝ እንደ ባሕር ዳሩ ሊሻግት ይችላል።

ወቅቱም ራሱ ይለያል። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ያለው ለስላሳ አየር የሻጋታ ወቅት ነው። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ሙቀቱ ሻጋታውን ያስቆመዋል፤ ቦታውን ቀይ ሸረሪትና የጨው ቃጠሎ ይወስዱታል።

ደረጃ 1፦ ቅጠሉን መመርመር

ለምርመራው አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ ነጭ ወረቀት፣ እርጥብ ነጭ ጨርቅና ትንሽ ኮምጣጤ ይበቃሉ። ቅጠሎቹ የሚወሰዱት ከሦስት ቦታ ነው፦ ከሐረጉ ጫፍ ከለጋው፣ ከመካከልና ከሥር በኩል ካረጀው። ከዚያም አራት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ይመለሳሉ።

1. *የታመመው ለጋው ነው ወይስ ያረጀው?* ናይትሮጅን፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ሲያጥሩ ተክሉ ካረጀው ቅጠል አውጥቶ ለለጋው ስለሚሰጥ አሮጌው ቀድሞ ይወይባል። ብረት ግን አንዴ ከገባበት ቅጠል አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ የብረት እጥረት በለጋው ይጀምራል። ጨው ዕለት በዕለት የሚከማች በመሆኑ አሮጌውን ቅጠል ያስቀድማል።

2. *ጉዳቱ በየትኛው የቅጠል ገጽ ነው?* ቅጠሉ መገልበጥ አለበት። ቀይ ሸረሪትና ዳውኒ የተባለው ሻጋታ የሚኖሩት በታችኛው ገጽ ነው፤ ከላይ የሚታየው ጥላቸው ብቻ ነው።

3. *ምልክቱ ቅርጽ አለው?* ጠርዙን ተከትሎ እኩል የሚያርር ቅጠል ጨው፣ ጥማት ወይም የፖታሲየም እጥረት አለበት። እዚህም እዚያም ተበታትኖ የሚታይ ነጠብጣብ ወደ ፈንገስ ወይም ወደ ተባይ ያመለክታል።

4. *ጎረቤቱ ተክል እንዴት ነው?* ሎሚው፣ ቡጌንቪሊያውና ወይኑ በአንድ ጊዜ ጠርዛቸው ካረረ ችግሩ የውሃው ወይም የአፈሩ ነው፤ የወይን በሽታ ሎሚ አይይዝም።

ደረጃ 2፦ ነጩን ነገር መለየት

በኤሚሬትስ ወይን ቅጠል ላይ ነጭ ሆኖ የሚታይ ነገር ሁሉ ሻጋታ አይደለም። ሦስት ነገሮች ይምታታሉ።

*አቧራ* በላይኛው ገጽ ላይ እኩል ይሰፍናል፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲጠረግ ከሥሩ ጤነኛ አረንጓዴ ቅጠል ይወጣል። *የውሃ ኖራ* የሚታየው በርጭት መስኖ በሚጠጣ ሐረግ ላይ ነው፤ ጠብታው የደረቀበት ቦታ ሁሉ ክብ ነጭ ጠርዝ ይይዛል። በጨርቅ ሲጠረግ በቀላሉ አይለቅም፤ የኮምጣጤ ጠብታ ሲያርፍበት ግን ይፈላና ይሟሟል። *ሻጋታ* በየቦታው ክብ ክብ ሆኖ ይጀምራል፣ በሁለቱም ገጽ ይወጣል፣ የሻገተ ነገር ሽታ አለው። በጣት ሲጠረግ ዱቄቱ ይለቃል፤ ከሥሩ ግን ቡናማ ወይም ግራጫ መረብ የመሰለ ጠባሳ ይቀራል።

ፓውደሪ ሚልዲው፦ የለስላሳው ወቅት በሽታ

በዐረብኛ አል-በያድ አድ-ደቂቂ፣ ማለትም የዱቄት ንጣት፣ የሚባለው ይህ በሽታ የሚመጣው ኤሪሲፌ ኔካቶር ከተባለ ፈንገስ ነው። ከሌሎቹ ፈንገሶች የሚለየው ለማብቀል የረጠበ ቅጠል አለመፈለጉ ነው፤ የአየሩ እርጥበት ብቻ ይበቃዋል። ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት በፍጥነት ይራባል፣ ከ35 ዲግሪ በላይ ይቆማል፣ ረዘም ያለ የ40 ዲግሪ ሙቀት ደግሞ ይገድለዋል። የፀሐይ ብርሃንም ይጎዳዋል፤ በዚህ ምክንያት ከዳሱ መሃል፣ ጥላ ከበዛበት ቦታ ይነሣል።

በፍሬው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከቅጠሉ የከፋ ነው። አበባው ከረገፈ በኋላ ባሉት ሦስትና አራት ሳምንታት የተያዘ የወይን ፍሬ ቆዳው ማደግ ያቆማል፤ ውስጡ ሲያብጥ ፍሬው ይሰነጠቃል።

በሽታው በአውሮፓ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1845 በእንግሊዟ ማርጌት ከተማ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ ባለ ወይን ላይ ነው። ያየው ታከር የሚባል አትክልተኛ ሲሆን የተጠቀመውም ድኝ ነበር። ዛሬም የመጀመሪያው መድኃኒት ድኝ ነው። በዐረብኛ ስሙ ኪብሪት ነው፤ በአማርኛ እሳት መለኮሻው ክብሪት የሚባለውም ከዚሁ ቃል የመጣ ነው።

ሕክምናው በዚህ ቅደም ተከተል ይከናወናል።

1. ክፉኛ የተያዙት ቅጠሎችና የቀንበጥ ጫፎች በማለዳ ይቆረጣሉ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ታስረው ይጣላሉ። በዳሱ ሥር አይከመሩም።

2. ዳሱ ይሳሳል። እጅን ወደ ሐረጉ ሲያስገቡ ብርሃን የማይታይ ከሆነ ጥቅጥቅነቱ በዝቷል። በዘለላው ዙሪያ ያለው ቅጠል የሚነሣው የጠዋት ፀሐይ በሚያገኘው በምሥራቅ በኩል ብቻ ነው፤ በምዕራብ በኩል ያለው ከተነሣ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፍሬውን ይቀቅለዋል።

3. በውሃ የሚበጠበጥ 80 በመቶ የድኝ ዱቄት በ10 ሊትር ውሃ ከ20 እስከ 30 ግራም ሆኖ ይዘጋጃል፤ በማሸጊያው ላይ ሌላ መጠን ከተጻፈ እሱ ይከበራል። የቅጠሉ ሁለቱም ገጽ እስኪርስ ይረጫል። ድኝ የሚከላከል እንጂ ሥር የሰደደውን የሚነቅል ስላልሆነ በየ7 እስከ 10 ቀን ይደገማል።

4. የቀኑ ሙቀት 32 ዲግሪ ሲያልፍ ድኝ ይቆማል፤ ቅጠሉን ራሱን ያቃጥላልና። ማታ መርጨት ከዚህ አያድንም፣ ምክንያቱም በቅጠሉ ላይ ያደረው ድኝ በማግስቱ ሙቀት ይተናል። በአል ዓይን ይህ ገደብ ብዙውን ጊዜ ማርች ሳያልቅ ወይም በኤፕሪል ይደርሳል።

5. ከዚያ በኋላ ፖታሲየም ባይካርቦኔት በ10 ሊትር 50 ግራም ሆኖ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ተጨምሮበት፣ ሲመሽ ይረጫል። የወጥ ቤቱ ቤኪንግ ሶዳም ሻጋታ ይገታል፤ ሆኖም ሶዲየም ስለሆነ ቀድሞውንም ጨው ለበዛበት አፈር ሌላ ጨው ይጨምራል። ለጥቂት ሐረግ አንድ እጅ ወተት ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ በየሳምንቱ በፀሐይ ጊዜ ቢረጭ ቀላል ወረራን ይይዛል።

ዘይትነት ያለው መድኃኒት፣ የኒም ዘይትን ጨምሮ፣ ድኝ ከተረጨ በኋላ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አይረጭም። ሁለቱ ከተገናኙ ቅጠሉ ይቃጠላል። ፔንኮናዞልና ቴቡኮናዞል የመሳሰሉት ወደ ቅጠሉ ውስጥ የሚገቡ መድኃኒቶች ይሠራሉ፤ ሁለቱም ግን አንድ ወገን ስለሆኑ እነሱን ብቻ መደጋገም ፈንገሱን ያለማምደዋል። በመሃል ድኝ ወይም የሌላ ወገን መድኃኒት ይገባል።

ዳውኒ ሚልዲው፦ ዝናብ ሲመጣ ብቻ

ዳውኒ፣ በዐረብኛ አል-በያድ አዝ-ዙግቢ፣ በላይኛው ገጽ ላይ ዘይት የነካው የሚመስል ቢጫ ክብ ያወጣል። ቅጠሉ በማለዳ ሲገለበጥ ከዚያው ክብ ጀርባ ጥጥ የመሰለ ነጭ ጠጉር ይታያል። ቆይቶ ክቡ ቡናማ ይሆንና ቅጠሉ ይረግፋል።

የወይን አምራቾች የሚያውቁት አንድ መለኪያ አለ፦ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ቀንበጡ 10 ሴንቲ ሜትር ሲደርስና በ24 ሰዓት ውስጥ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል የመጀመሪያው መያዝ ይጠበቃል። በአቡ ዳቢ ኤሚሬት እንዲህ ያለ ዝናብ በዓመት ጥቂት ቀን ቢገኝ ነው። ሲመጣ ግን አንዳንዴ በብዛት ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 አጋማሽ በጣለው ዝናብ በአል ዓይን አካባቢ ያለው ኸትም አሽ-ሸክላ በአንድ ቀን ውስጥ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ መዝግቧል። ይህም በአገሪቱ መለካት ከተጀመረበት ከ1949 ወዲህ ከፍተኛው ነው። ከዚያ ውጭ ዳውኒን ወደ ግቢ የሚያስገባው በማታ የሚከፈት የርጭት መስኖ ነው፤ ቅጠሉ ሌሊቱን ሙሉ ርሶ ያድራልና። መስኖው ወደ ጠብታ ሲቀየር ግማሹ ሕክምና ተጠናቀቀ ማለት ነው።

ቀሪው መዳብ ነው። የቦርዶ ድብልቅ የሚባለው የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ውህድ የተገኘው በፈረንሳይ ቦርዶ አካባቢ ነው። በዚያ ያሉ ገበሬዎች መንገደኛ ፍሬ እንዳይቀጥፍባቸው በመንገድ ዳር ያለውን ወይን ሰማያዊ አድርገው ይቀቡት ነበር፤ ፒየር ማሪ አሌክሲ ሚያርዴ የተባለው ምሁር የተቀባው ወይን አለመታመሙን አስተውሎ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው።

1. በአንድ የፕላስቲክ ባልዲ 100 ግራም የመዳብ ሰልፌት በ5 ሊትር ውሃ ይሟሟል። ብረት ባልዲ አይሆንም።

2. በሌላ ባልዲ 100 ግራም የጠፋ ኖራ በ5 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል።

3. መዳቡ ቀስ እያለ በኖራው ላይ ይፈስሳል፤ በዚህ ጊዜ ሳያቋርጡ ማማሰል ያስፈልጋል።

4. የጸዳ ምስማር ለአንድ ደቂቃ ያህል ይነከርበታል። ምስማሩ ከቀላ ኖራው አንሷልና ይጨመርበታል፤ ካልቀላ ለርጭት ደርሷል።

5. ድብልቁ በዚያው ቀን ያልቃል፤ አያድርም። ለለጋ ቅጠል መጠኑ በግማሽ ይቀነሳል።

በመደብር የተዘጋጀ የመዳብ መድኃኒትም ያው ሥራ ይሠራል። ደረቅ በሆነ ዓመት ግን መዳብ መርጨት አያስፈልግም፤ መዳብ ከአፈር ስለማይወጣ በከንቱ ይከማቻል።

ቀይ ሸረሪትና እብጠት የሚያወጣው ተባይ

ቀይ ሸረሪት፣ በዐረብኛ አል-ዐንከቡት አል-አሕመር፣ የደረቀ አየርና አቧራ ወዳጅ ነው። በመርፌ እንደተወጋ ጥቃቅን ፈዛዛ ነጠብጣብ በላይኛው ገጽ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ቅጠሉ የነሐስ ቀለም ይይዛል፣ በታችኛው ገጽ በጅማቶቹ አጠገብ ቀጭን ድር ይታያል። መለያው ቀላል ነው፦ ቅጠሉ በነጭ ወረቀት ላይ ይመታል፤ የወደቁት ነጥቦች ከተንቀሳቀሱ ተባዩ ነው፣ ካልተንቀሳቀሱ አቧራ ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ከእንቁላል ወደ አዋቂነት በሳምንት ገደማ ስለሚደርስ የአንድ ጊዜ ርጭት አይበቃም።

ሕክምናው በውሃ ይጀምራል። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ የቅጠሎቹ ታችኛው ገጽ በጠንካራ የቱቦ ውሃ ይታጠባል፤ በየሦስት ቀኑ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ይህ ድሩንም፣ ተባዩንም፣ መጠለያው የሆነውን አቧራም ያወርዳል። ቅጠሉ ከመምሸቱ በፊት ስለሚደርቅ ሻጋታ አይጋብዝም። በዚህ ካልቆመ ለተክል የተዘጋጀ የሳሙና መድኃኒት ይረጫል። ኖራ በበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሳሙና ስለማይሠራ በቧንቧው ጣፋጭ ውሃ ይበጠበጣል። ለትንኝና ለበረሮ የሚሸጡ መድኃኒቶች ግን ቀይ ሸረሪትን የሚበሉትን ነፍሳት ስለሚጨርሱ አይረጩም።

ሌላው ተባይ በዓይን የማይታይ ሲሆን ቅጠሉን ከላይ ያሳብጠዋል፤ በእብጠቱ ጀርባ ደግሞ ነጭ ወይም ቡናማ ሱፍ የመሰለ ነገር ይሞላል። ብዙ ሰው ዳውኒ ነው ብሎ መዳብ ይረጭበታል። ልዩነቱ እብጠቱ ነው፤ ዳውኒ ቅጠል አያሳብጥም። ጉዳቱ ከመልክ ስለማያልፍ የታመሙትን ጥቂት ቅጠሎች መቅጠፍ ይበቃል። ወረራው በየዓመቱ ከተመለሰ እንቡጡ ሊፈነዳ ሲል የሚረጭ ድኝ ያስታግሰዋል።

የጠርዝ ቃጠሎ፦ ጨው

ያረጁ ቅጠሎች ጠርዛቸው ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ፣ በደረቀውና በአረንጓዴው መካከል ቀጭን ቢጫ መስመር ሲኖር፣ በአፈሩ ላይም ነጭ ቅርፊት ሲታይ ጨው ነው። ወይን ለጨው መጠነኛ ተጠቂ ከሚባሉት ተክሎች ይመደባል። በሥሩ ዙሪያ ያለው የአፈር ጨዋማነት በሜትር 1.5 ዴሲሲመንስ ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ በሚጨመረው በእያንዳንዱ ዴሲሲመንስ ወደ 10 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ከባሕር የተጣራው የቧንቧ ውሃ ለወይን ይስማማል። በአል ዓይን ያለ የጉድጓድ ውሃ ግን ለሐረጉ ከመሰጠቱ በፊት በትንሽ የጨው መለኪያ ቢለካ ይሻላል።

ሕክምናው ጨውን ከሥር በታች ማውረድ ነው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ጨውን ሥሩ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ሐረጉ ሰፋ ባለ የቀን ልዩነት ጠለቅ ብሎ ይጠጣል፤ በየጊዜውም ከተለመደው ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ተጨማሪ ውሃ ይለቀቅለታል። በጠብታ መስኖ ጨው የሚሰበሰበው በእርጥቡ ክብ ዳርቻ ላይ ነው። ቀላል ዝናብ ሲጥል ይህን ጨው ወደ ሥሩ ስለሚመልሰው በዝናቡ ጊዜ ጠብታው ይከፈታል እንጂ አይዘጋም። ያልበሰለ የዶሮ ፍግ፣ ከመጠን ያለፈ ማዳበሪያና የመዋኛ ገንዳ ውሃ ወደ ሐረጉ ሥር አይደርሱም። የቃጠሎው ምልክት የታየበት ቅጠል አይድንም፤ ሕክምናው መሥራቱ የሚታወቀው ቀጥለው በሚወጡት ቅጠሎች ጤንነት ነው።

የለጋ ቅጠል መወየብ፦ ብረት

የቀንበጡ ጫፍ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማቶቻቸው ብቻ አረንጓዴ መረብ ሲመስሉ ብረት አጥሯል። የኤሚሬትስ አሸዋ ኖራ የበዛበትና ፒኤቹ 8 አካባቢ ስለሆነ ብረት በአፈሩ ውስጥ ቢኖርም ተክሉ ሊወስደው በማይችል መልክ ይታሰራል። በአፈሩ ላይ ኮምጣጤ ሲፈስ ከፈላ ኖራው ይታወቃል። ውሃ የተኛበት ሥርም ይህንኑ መልክ ያመጣል፤ ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛት በፊት የመስኖው መጠን ይታያል።

ተራ የብረት ጨው እዚህ አፈር ላይ ቢፈስስ ወዲያው ይታሰራል። በመደብር ሐዲድ፣ በዐረብኛ ብረት፣ ሲባል የሚቀርቡት ውህዶችም እኩል አይደሉም፦ ኢዲቲኤ የሚል የተጻፈበት በዚህ ፒኤች ይፈርሳል፤ ኢዲዲኤችኤ የሚለው ይጸናል፣ ውሃውንም ደም ቀይ ያደርገዋል። ብርሃን ስለሚያበላሸው ሲመሽ በማሸጊያው መጠን በውሃ ተበጥብጦ በሥሩ ዙሪያ ይፈስሳል፤ ወዲያው ጥቂት ውሃ ይከተልበታል።

መወየቡ ከአሮጌው ቅጠል ከጀመረና በጅማቶች መካከል ከሆነ ያጠረው ማግኒዥየም ነው። በ10 ሊትር ውሃ ከ100 እስከ 200 ግራም የማግኒዥየም ሰልፌት በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ በቀዝቃዛ ሰዓት በቅጠል ላይ ይረጫል።

መድኃኒት የሌላቸው

ሦስት ሁኔታዎች በርጭት አይድኑም። *ቫይረስ* በቀይ ወይን ላይ ቅጠሉን ወደ ታች ይጠቀልላል፤ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ሌላው ይቀላል። ሐረጉ ይነቀላል፤ ከእሱ ቁራጭ ወስዶ ለጎረቤት መስጠት በሽታውን መስጠት ነው። *የግንድ በሽታ* በጅማቶች መካከል እንደ ነብር ቆዳ ሸንተረር ያወጣል፤ አንዱ ክንድ በድንገት ሊደርቅ ይችላል። የደረቀው ክፍል ውስጡ ንጹሕ እንጨት እስኪታይ ድረስ ይቆረጣል። *የሥር ኔማቶድ* በአሸዋ አፈር የተለመደ ነው፤ ሐረጉ ያለምክንያት ይቀጭጫል፣ ሲቆፈር ሥሩ ላይ እንደ ዶቃ እብጠት ይገኛል። ብስባሽ መጨመር ዕድሜውን ያራዝማል፤ አዲስ ሲተከል ግን ኔማቶድን በሚቋቋም ሥር ላይ የተዳቀለ ችግኝ ይመረጣል።

የርጭት ደንብ

በአገሩ ፀረ ተባይን የሚመዘግበው የአየር ንብረት ለውጥና አካባቢ ሚኒስቴር ነው። በከረጢት ተከፍሎ የሚሸጥ፣ ስምና መጠን ያልተጻፈበት ዱቄት አይገዛም። በረጪው ላይ ጓንት፣ የዓይን መከለያና ጭንብል ይኖራል፤ መለኪያውና ባልዲው ወደ ወጥ ቤት አይመለሱም። ነፋስ በሌለበት ሰዓት ይረጫል፤ በቅርብ ያለ መስኮትና የኤሲ አየር መሳቢያ ይዘጋል።

በባሕረ ሰላጤው ቤቶች የወይን ቅጠል ራሱ ምግብ ነው፤ ለወረቅ ዒነብ በሩዝ ይጠቀለላል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ብዙውን ጊዜ የተሰላው ለፍሬው ነው። ስለዚህ ቅጠሉ የሚበላበት ሐረግ ከመጀመሪያው ተለይቶ ምልክት ይደረግበታል፣ በውሃ እጥበትና በመግረዝ ብቻ ይጠበቃል። ግቢውን የሚረጨው ሰውና ወጥ የሚሠራው ሰው የተለያዩ ከሆኑ ርጭቱ የተደረገበት ቀን ተጽፎ በዳሱ ላይ ይንጠለጠላል።

ምልክቱ ግልጽ ካልሆነ የታመመና ጤነኛ ቅጠል በደረቅ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ሳይውል ሳያድር፣ ለአቡ ዳቢ የግብርናና የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን የእርሻ ባለሙያ ወይም ለታመነ የችግኝ ጣቢያ ይታያል። በፕላስቲክ የታሸገ ቅጠል በመኪና ሙቀት ይበሰብሳል፤ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን በሽታ ከብስባሹ መለየት አይቻልም።

የዓመቱ ሥራ በወቅቱ

*ዲሴምበርና ጃንዋሪ።* ብርዱ ቀላል ስለሆነ ሐረጉ ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ ላያረግፍ ይችላል፤ በዚያ አሮጌ ቅጠል ላይ ሻጋታው ይከርማል። ስለዚህ የቀረው ቅጠል በእጅ ይረግፋል፣ ሐረጉ ይገረዛል፣ የተቆረጠው ሁሉ ከግቢ ይወጣል። መግረዙ በደረቅ ቀን ይደረጋል፤ ከአንዱ ሐረግ ወደ ሌላው ሲታለፍ መቀሱ በአልኮል ይጠረጋል። 

*ፌብሩዋሪና ማርች።* እንቡጡ ይፈነዳል፤ ቀንበጡ አንድ ስንዝር ሲሞላ የመጀመሪያው ድኝ ይረጫል። ከአበባው በፊትና ፍሬ ከያዘ በኋላ ይደገማል። ዝናብ ከጣለ ቅጠሉ ለዳውኒ ይገለበጣል።

*ኤፕሪል።* ድኝ ይቆማል። ዳሱ ይሳሳል፤ ለጋው ቅጠል ለብረት እጥረት ይታያል።

*ሜይና ጁን።* ፍሬ የሚለቀምበት ጊዜ በመሆኑ መድኃኒት አይረጭም። የነጭ ወረቀት ምርመራው በየሳምንቱ ይደረጋል።

*ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር።* ከ35 እስከ 50 በመቶ የሚከልል የጥላ መረብ ይዘረጋል፣ ጨውን የሚያወርደው ጠለቅ ያለ መስኖ ይቀጥላል፣ ቅጠሉ በማለዳ ይታጠባል። ማዳበሪያ አይሰጥም።

*ኦክቶበርና ኖቬምበር።* ሙቀቱ ሲበርድ አዲስ ቀንበጥ ይወጣል፤ ሻጋታውም አብሮ ይመለሳል። መረቡ ይሰበሰባል፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በታች ሲወርድ አንድ ጊዜ ድኝ ይረጫል፣ የበጋው ጨው በመጨረሻው ጠለቅ ያለ ውሃ ይታጠባል።